የፀሐይ ፓነል ገበያችን በሜትርና በሚዛን ይፈተሽ፤ ከኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ይጀመር

ለነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በደሴና በኮምቦልቻ ጣሪያዎች ላይ እያደገ ያለውን የፀሐይ ኃይል ገበያ መቁጠርና መፈተሽን ይመለከታል

ክቡራን ኃላፊዎች፤

የአገራችን የፀሐይና የነፋስ ኃይል ዕድገት ሲነሳ የሚቆጠረው ሜጋ ዋት ነው። በነፋስ በኩል አዳማ አንድ 51፣ አሸጎዳ 120፣ አዳማ ሁለት 153፤ ሦስቱ ሲደመሩ 324። አይሻና አሰላ ተከተሉ። ነፋሱ ቀስ እያለም ቢሆን ቆሞ ይታያል። በፀሐይ በኩል ያለው ዝርዝር ግን ከተተከለው ይልቅ የታሰበው ይበዛበታል። ለመተሐራው 100 ሜጋ ዋት በ2010 ዓ.ም. የጨረታ አሸናፊ ተለየ። ለጋድና ለዲቼቶ፣ ለእያንዳንዳቸው 125 ሜጋ ዋት፣ በ2012 ዓ.ም. በኪሎ ዋት ሰዓት 2.526 የአሜሪካ ሳንቲም የሚል ዋጋ ተሰጠ። ከኮምቦልቻ በባቲና በሚሌ አድርጎ ጅቡቲ የሚወርድ ሾፌር ሁሉ በዲቼቶ አልፏል፤ የፓነል ማሳ ግን አላየባትም።

ይህን ደብዳቤ ያስጻፈን በዚያው መንገድ ሽቅብ የሚመጣው ፓነል ነው። ከፊሉ በኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ፣ ከፊሉ መርካቶ ዞሮ፣ በደሴ ፒያሳና በኮምቦልቻ ሱቆች በኩል ጣሪያ ላይ ይወጣል። ሁለት፣ አራት፣ ስምንት እየሆነ ስለሚሰቀል በየትኛውም የሜጋ ዋት ሰንጠረዥ ውስጥ አይገባም። እኛ የምንሰቅለው፣ የምንጠግነውና ሲቃጠል የምንጠራው ሰዎች ነን። ገበያው ማደጉ ደስ ይለናል፤ እንጀራችንም ነው። ነገር ግን ሲያድግ የሚያየው የለም፤ ሳይታይ ያደገ ነገር ደግሞ ሲበላሽም አይታይም።

ሰው ለምን ይገዛል? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. በ5,150 ሜጋ ዋት ሙሉ አቅሙ ተመርቋል። ታዲያ ደሴ ውስጥ ሆጤ ወይም ቧንቧ ውሃ በሚባሉት ሰፈሮች ያለ ሰው ባትሪ ለምን ያስፈልገዋል? መልሱ ያለው ግድቡ ላይ ሳይሆን ሰፈር ውስጥ ነው። ትራንስፎርመሩ ከተሠራበት በላይ ተጭኗል፤ የእንጨት ምሰሶው ዘሟል፤ ማታ ሁሉም ምጣድና ምድጃ ሲያበራ 220 መሆን የሚገባው ቮልቴጅ 170 ድረስ ይወርዳል። ስለዚህ የእኛ ደንበኛ የሚገዛው ኃይል ብቻ አይደለም፤ ያልተቆራረጠ ኃይል ነው። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ታሪፉ በየሦስት ወሩ ከፍ እያለ ለአራት ዓመት እንዲሄድ ተወስኗል። ቀድሞ ለመቆራረጡ ብቻ ይገዛ የነበረ ሰው አሁን ካልኩሌተር አውጥቶ ይመጣል።

በዚህ ላይ የዓለም ገበያ አለ። ቻይና በአውሮፓውያኑ 2024 ብቻ 277 ጊጋ ዋት የፀሐይ ኃይል ተከለች። አቅምን ከአቅም ብቻ ካነጻጸርን የሕዳሴ ግድብን ሃምሳ ጊዜ መሆኑ ነው። ፋብሪካዎቹ ከዚያም በላይ ስላመረቱ የአንድ ዋት ፓነል ዋጋ በፋብሪካው በር ላይ ወደ 10 የአሜሪካ ሳንቲም ወረደ። እኛ ዘንድ ግን ብር ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ ዋጋ ስለሚመነዘር፣ በዶላር የረከሰው በብር የዚያኑ ያህል አልረከሰም። ነጋዴው በዚህ መካከል ተጨንቆ ነው የቀረው። ደንበኛው የሚችለውን ዋጋ ለማግኘት ከሁለት አንዱን ያደርጋል፤ ወይ ትርፉን ይቀንሳል፣ ወይ ጽሑፉ ትልቅ ውስጡ ትንሽ የሆነ ዕቃ ያመጣል። ሁለተኛው እየበዛ ነው።

ጽሑፉ ትልቅ የሆነ ዕቃን ለመያዝ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። እውነተኛ 550 ዋት ፓነል 2.28 ሜትር በ1.13 ሜትር ገደማ ነው፤ 2.58 ካሬ ሜትር፣ ክብደቱ 28 ኪሎ አካባቢ። አንድ ካሬ ሜትር ላይ በመለኪያ ደረጃ የሚያርፈው ፀሐይ 1,000 ዋት ስለሆነ ይህ ፓነል ከመቶው 21 ያህሉን ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጣል ማለት ነው። አሁን ርዝመቱ 1.65፣ ወርዱ 0.99 ሆኖ ከጀርባው «500 ዋት» የተለጠፈበት ፓነል ይምጣ። ስፋቱ 1.63 ካሬ ሜትር ነው። ጽሑፉ እውነት እንዲሆን ከመቶ 30 በላይ መለወጥ አለበት። ገበያ ላይ ከሚሸጡት ምርጦቹ እንኳ ከ24 እና ከ25 በመቶ ብዙም አያልፉም። ስለዚህ ያ ፓነል ቢበዛ 400 ዋት ገደማ ነው። ይህን ለማወቅ አንድ የጨርቅ ሜትርና አንድ የማካፈል ስሌት ይበቃል።

ባትሪም በሚዛን ይያዛል። 12 ቮልት 200 አምፔር ሰዓት የእርሳስ ባትሪ ከ55 እስከ 65 ኪሎ ይመዝናል፤ እርሳሱ ነው አምፔር ሰዓቱ። 35 ኪሎ የሚመዝን «200» የሚል ባትሪ 200 ሊሆን አይችልም። የሊቲየሙ፣ 51.2 ቮልት 100 አምፔር ሰዓት የሆነው፣ 5.12 ኪሎ ዋት ሰዓት ይይዛል፤ ክብደቱ 45 ኪሎ አካባቢ ነው። ሚዛኑ ካጠራጠረ ሙሉ ቻርጅ አድርጎ 500 ዋት ጭነት ማሳረፍ ነው፤ ጤነኛው ወደ 10 ሰዓት ይጠጋል። ዕድሜው ያለቀ የመኪና ባትሪ ሴል አዲስ ሣጥን ውስጥ የገባበት ከሆነ 5 ሰዓትም አይሞላ።

የመጀመሪያ ጥያቄያችን እንግዲህ ይህ ነው። ባለሥልጣኑ ከጉምሩክና ከንግድ ሚኒስቴር ጋር ተስማምቶ በኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ አንድ መፈተሻ ቦታ ይክፈት። ከእያንዳንዱ ጭነት ሦስት ፓነልና ሁለት ባትሪ ማውጣት፤ መለካት፣ መመዘን፣ ፓነሉን እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ አስመትቶ ክፍት ቮልቴጁን (ምንም ሳይጫንበት የሚሰጠውን) እና የአጭር ዙር አምፔሩን (ሁለቱ ጫፎቹ ሲገናኙ የሚሰጠውን) ከፀሐይ ጨረር መለኪያ ጋር አብሮ መመዝገብ። የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ባለሙያው ሩቅ አይደለም፤ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትም ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጁም እዚያው ከተማ ውስጥ ናቸው።

ዕቃው ደህና ሆኖ የሚቃጠለውም ብዙ ነው። እዚህ ላይ የራሳችንን ሙያ ነው የምንወቅሰው።

ከሁሉ የከፋው የደሴ ብርድ የሚያመጣው ነው። የ550 ዋት ፓነል ክፍት ቮልቴጅ 50 ገደማ ነው። ብዙዎቹ የ5 ኪሎ ዋት ኢንቨርተሮች (የፓነሉንና የባትሪውን ኮረንት ለቤት ወደሚሆን ኮረንት የሚለውጡት) ከፓነል በኩል የሚችሉት ቢበዛ 500 ቮልት ነው። ገጣሚው «10 ሲባዛ በ50፣ 500፤ ልክ መጣ» ብሎ አሥሩን በተከታታይ ያስራል። 50 የተባለው ግን ፓነሉ 25 ዲግሪ ሲሆን የተለካ ነው። ፓነል ሲበርደው ቮልቴጁ ይጨምራል፤ በአንድ ዲግሪ 0.27 በመቶ ያህል። በኅዳርና በታኅሣሥ ንጋት 5 ዲግሪ ሲሆን ልዩነቱ 20 ዲግሪ ነው፤ 500 የነበረው 527 ይሆናል። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ፀሐይዋ ብቅ ስትል ኢንቨርተሩ ይቃጠላል። ባለቤቱ «መብረቅ መታው» ይላል፣ ሻጩም «ዋስትናው መብረቅን አያካትትም» ይላል፤ ሰማዩ ግን ጥርት ያለ ነበር። ለደሴ ከ9 ማለፍ የለበትም፤ 8 ከሆነ ደግሞ ሰው ተኝቶ ያድራል። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ወርደው ኮምቦልቻ ሲደርሱ ጣጣው ይገለበጣል፤ በቀትር ፓነሉ ከ60 ዲግሪ በላይ ስለሚግል ከኃይሉ ከመቶ 12 ያህሉ ይጠፋል። እዚያ ፓነሉን ከቆርቆሮው 10 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጎ አየር በሥሩ እንዲያልፍ ማድረግ ያዋጣል።

ሁለተኛው ብሬከር ነው። ከዕቃ መደብር የሚገዛው ተራ የቤት ብሬከር የተሠራው ለተለዋዋጭ ኮረንት ነው። ተለዋዋጩ በሰከንድ 100 ጊዜ ዜሮን ስለሚነካ ብሬከሩ ሲከፈት ብልጭታው በራሱ ይጠፋል። ከፓነል የሚመጣው ቀጥተኛ ኮረንት ዜሮን አይነካም፤ ብልጭታው እንደ ብየዳ ይቀጥላል፣ ብሬከሩ ይቀልጣል፣ ከዚያ የሚከተለው ጣሪያው ነው። ለቀጥተኛ ኮረንት የተሠራና ቮልቴጁ ከፓነሎቹ ድምር በላይ የሆነ ብሬከር ብቻ ነው የሚገባው። የዋጋ ልዩነቱ ከአንድ ፓነል ዋጋ ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው። የማያያዣ ሶኬቱም እንዲሁ ነው፤ ከአንዱ ፋብሪካ የመጣ ወንዴ ከሌላው ሴቴ ጋር ገጥሞ «ቀጭ» ቢልም ውስጡ በደንብ ስለማይነካካ ይግላል። ጠቁሮ የተገኘ ማያያዣ ሁሉ ማለት ይቻላል የተደባለቀ ነው።

በገጠር ካሉ፣ በቃሉ ወረዳና በአካባቢው፣ በ12 ቮልት የሚሠሩ ትንንሽ ተከላዎች ላይ የሚበዛው የሽቦ ስስት ነው። 300 ዋት በ12 ቮልት 25 አምፔር ነው። ይህን በ2.5 ስኩዌር ሚሊ ሜትር ሽቦ 10 ሜትር ብንወስደው፣ ደርሶ መልስ 20 ሜትር ስለሆነ፣ መንገድ ላይ 3.5 ቮልት ይጠፋል፤ ከአሥራ ሁለቱ ማለት ነው! ሰውየው «ፓነሉ ደካማ ነው» ብሎ ሁለተኛ ይገዛል። ያው 300 ዋት በ48 ቮልት ቢሄድ ጥፋቱ 0.9 ቮልት እንኳ አይሞላም።

ስለ ጣሪያ አንድ ነገር ብቻ። ሰው ሁሉ «ጣሪያዬ ይሸከመዋል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። 28 ኪሎ ማንኛውም ደህና የቆርቆሮ ቤት ይሸከማል። የሚያሰጋው ወደ ላይ የሚነሳው ነው፤ በሰከንድ 30 ሜትር የሚነፍስ ነፋስ አንዱን ፓነል በ110 ኪሎ ጉልበት ገደማ ሊያነሳው ይችላል። ስለዚህ ማሰሪያው ቆርቆሮውን ብቻ ነክሶ ከቀረ ፓነሉ ቆርቆሮውን ይዞ ይሄዳል። ቦልቱ ከማገሩ አልፎ፣ ከላይ በጎማ ተደፍኖ፣ ከታች በሰፊ ሮንዴላ መታሰር አለበት።

ባትሪ ያለጊዜው የሚሞትበት ዋናው ምክንያት ግን አንድ የማስተካከያ ቁልፍ ነው፤ አብዛኞቻችንም ዘግይተን ነው የደረስንበት። ብዙ ኢንቨርተሮች ከመብራት ኃይል የሚቀበሉትን የቮልቴጅ ወሰን በሁለት መንገድ ያስመርጣሉ፤ ጠባቡ ከ170 እስከ 280፣ ሰፊው ከ90 እስከ 280። ጠባቡ ለኮምፒውተር የታሰበ ነው። በእኛ ሰፈሮች ማታ ቮልቴጁ 170 ላይ ሲወዛወዝ ኢንቨርተሩ «መብራት ጠፋ» ብሎ ወደ ባትሪ ይዞራል፤ ይመለሳል፤ እንደገና ይዞራል። መብራት ሳይጠፋ ባትሪው በየማታው ባዶ ይሆናል። ለዓመታት ይሠራል የተባለው የእርሳስ ባትሪ በዓመቱ ይወድቃል። ኮምፒውተር የሌለበት ቤት ሰፊውን ይምረጥ።

እግረ መንገዳችንን፦ «5 ኪሎ ዋት ነው፣ ሁሉን ይችላል» የሚለው የሻጭ ቃል ምጣድ ፊት አይቆምም። የእንጀራ ምጣድ ብቻውን 3.5 ኪሎ ዋት ይወስዳል፤ የአንድ ሰዓት ተኩል ጋገራ ያንን የሊቲየም ባትሪ ጥርግ አድርጎ ይጨርሰዋል። ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ፓነሉ ራሱ እያመነጨ ሳለ፣ ከተጋገረ ግን ባትሪው እንኳ አይነካም። ደሴ ላይ በጦሳ ግርጌ ያሉ ቤቶች ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ቶሎ ስለሚከለልባቸው ጋገራውን ወደ ጠዋት ያድርጉት፤ ፓነሉም ከደቡብ ትንሽ ወደ ምሥራቅ ይዙር።

የነፋስ ተርባይን ለቤት ይሆናል ወይ ለሚሉም መልሳችን አጭር ነው፤ አይሆንም። የነፋስ ኃይል ከፍጥነቱ ጋር በሦስተኛ ደረጃ ነው የሚያድገው፤ ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀንስ ኃይሉ ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። ተራራና ሕንፃ የከበበው ከተማ ነፋሱን ይሰባብረዋል፤ በደሴ ከፍታ ደግሞ አየሩ ከባሕር ጠለል ይልቅ ከመቶ 20 በላይ የሳሳ ነው። ነፋስ ቦታው ትልቁ ማሳ ነው። እዚያም የሚጠቅመው በጋ ሲሆን፣ ግድቦች ውኃቸው በሚጎድልበት ወቅት ስለሚበረታ ነው።

አሁን እናንተን በቀጥታ ወደሚመለከተው እንመለስ። ፓኪስታን በአውሮፓውያኑ 2024 ብቻ 17 ጊጋ ዋት ፓነል አስገባች። ታሪፉ ሲወደድና መቆራረጡ ሲሰለች ባለፋብሪካውም ቤት ያለውም በየራሱ ገዝቶ ሰቀለ። የነገሩ ስፋት የታየው በአብዛኛው ከቻይና የወጪ ንግድ መዝገብ ላይ ተደምሮ ነው። የመብራት ድርጅቶቹ ደህና ከፋይ ደንበኞቻቸው ቀን ቀን እየጠፉባቸው፣ የመስመሩ ወጪ መግዛት ባልቻለው ላይ ወደቀ። እኛ ገና እዚያ አልደረስንም። ያንን መንገድ የጠረጉት ሁለቱ ነገሮች ግን፣ የሚጨምር ታሪፍና የሚቆራረጥ መስመር፣ እኛም ዘንድ አሉ።

ስለዚህ መቁጠሪያ እንጠይቃለን። የተገጣጠመ የፀሐይ ፓነል በጉምሩክ የታሪፍ መጽሐፍ 8541.43 የሚል የራሱ ቁጥር አለው። በዚያ ቁጥር የገባው በኪሎና በብር ብቻ ሳይሆን በዋትም ይመዝገብ፤ በየሩብ ዓመቱም ይውጣ። ክልልና የመግቢያ ጣቢያ ከተለየበት የደሴ ትራንስፎርመር መቼ ቀን ቀን እንደሚቀለው፣ ማታ መቼ እንደሚጨነቅ መገመት ይቻላል።

የገጣሚ ብቃት ማረጋገጫም ይለይ። የቤት ሽቦ መዘርጋት የሚችል ሁሉ 500 ቮልት ቀጥተኛ ኮረንት ይችላል ማለት አይደለም። ፈተናው በእጅ ይሁን፤ ስምንት ፓነል ማሰር፣ የንጋት ቮልቴጁን ማስላት፣ ብሬከር መምረጥ፣ የመሬት ሽቦ ተክሎ መለካት። የደሴ አለታማ አፈር ላይ አንድ ዘንግ ብዙ ጊዜ አይበቃም፤ ሁለትና ሦስት ተክሎ ማያያዝን የማያውቅ ሰው መብረቅ በሚበዛበት ከተማ ባይሰቅል ይሻላል። ሥራው ሲያልቅ ከኢንቨርተሩ ጎን አንድ ወረቀት ይለጠፍ፦ ስንት ፓነል በተከታታይ፣ ከፍተኛው ቮልቴጅ፣ የብሬከሩ ዓይነት፣ የመሬት ሽቦው ኦም፣ የገጣሚው የፈቃድ ቁጥር። እኛም በዚያ ወረቀት እንጠየቅ።

የመስመር ሠራተኞች ሕይወትም አለ። ጄኔሬተርን ወይም ኢንቨርተርን በሁለት በኩል ወንዴ በሆነ ሶኬት ግድግዳ ላይ የሚሰኩ ቤቶች አሉ። መስመሩ ተቆርጧል ብሎ ምሰሶ ላይ የወጣ ሰው ያ ኮረንት በትራንስፎርመሩ ተገልብጦ በሺህዎች ቮልት ሆኖ ይጠብቀዋል። የማቀያየሪያ ማብሪያ የሌለው ተከላ እንዳይፈቀድ፣ መስመር ሲቋረጥ ራሱን የማያጠፋ ከመስመር ጋር የሚገናኝ ኢንቨርተርም ከወደብ እንዳያልፍ እንጠይቃለን።

ትርፍ ኃይልን ወደ መስመር ስለ መመለስ ግልጽ መልስ እንፈልጋለን። ኮምቦልቻ ውስጥ 5,500 ካሬ ሜትር ጣሪያ ያለው አንድ ሼድ፣ መተላለፊያው ተቀንሶ፣ ወደ 800 ኪሎ ዋት ይሸከማል። ፋብሪካው እሑድ ሲዘጋ ያ ኃይል የት ይሄዳል? ባለ ሁለት አቅጣጫ ቆጣሪ ማን ይሰጣል፣ በስንት ዋጋ፣ እስከ ስንት ኪሎ ዋት? መልሱ «አይቻልም» ከሆነም በጽሑፍ ይነገረንና ባለፋብሪካው አነስ አድርጎ ይትከል። ዛሬ ደንበኛው ከአራት ገጣሚ አራት መልስ ነው የሚሰማው።

ስለ መስኖ ፓምፕ በረዥሙ ለመጻፍ አስበን ነበር፤ ቁጥሩን ብቻ እንተው። በቀን 50 ሜትር ኩብ ውኃ ከ30 ሜትር ጥልቀት ለማውጣት 8 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይበቃል፤ አራት 550 ዋት ፓነል ማለት ነው። ናፍጣ የማይጠይቅ ፓምፕ ግን «በቃ» የሚለው ስለሌለ፣ በቦርከና ሸለቆ የጉድጓድ ውኃ ከፍታ መለኪያ ሳይቀመጥ እንዳይስፋፋ እንመክራለን።

የመጨረሻው ያረጀ የእርሳስ ባትሪ ነው። አሲዱ ቦይ ውስጥ ተደፍቶ፣ ቦዩ ቦርከና ገብቶ፣ እርሳሱ ጓሮ ውስጥ ይቀልጣል። አዲስ ባትሪ የሚሸጥ ሱቅ አሮጌውን ከነአሲዱ ተቀብሎ ከዋጋው ላይ እንዲቀንስ የሚያስገድድ መመሪያ ይውጣልን፤ የተሰበሰበውን የሚረከበውም ቦታ እዚሁ ኮምቦልቻ፣ ከመፈተሻው አጠገብ፣ ሊሆን ይችላል።

ከሰላምታ ጋር፣
በደሴና በኮምቦልቻ የምንሠራ የፀሐይ ኃይል ገጣሚዎችና የኤሌክትሪክ ባለሙያዎች

ግልባጭ፦
ለውኃና ኢነርጂ ሚኒስቴር
ለንግድና ቀጠናዊ ትስስር ሚኒስቴር
ለጉምሩክ ኮሚሽን
ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት